ሣራን ማን ጠየቃት?
ቪዛው እስኪደርስ ስላለው ጊዜና ስለ እውነት

ንባብ፦ ዘፍጥረት 12፥10-20፤ ዘፍጥረት 20፤ ዘጸአት 1፥15-21



በዚህ ሳምንት የምናነሣው ጥያቄ በጎሮምም ሆነ በጁባ ከተማ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነው። ባል እዚህ ነው፣ ሚስት ውጭ ናት፤ ወይም ሚስት እዚህ ናት፣ ባል ውጭ ነው። ለትዳር ቪዛ ለማመልከት መሟላት ያለበት ነገር አለ። እሱ እስኪሟላ ወራት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ዓመታት። በዚህ መካከል እዚህ ያለው ሰው የያዘው ወረቀት ቀኑ ያልቃል። የድሮው ወረቀት አበቃ፣ አዲሱ ገና አልመጣም። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በምን እንሻገረው? ክፍተቱን ለመሙላት ትንሽ ውሸት ብትገባስ ምን አለበት?

ጥያቄውን ቀለል አድርገን አንለፈው። «አትዋሽ» ብሎ መጽሐፉን አጥፎ መሄድ ለአስተማሪ አይከብድም። ሚስቱን አምስትና ስድስት ዓመት በስልክ ብቻ ለሚያያት ሰው ግን ይከብዳል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሚስት እንግሊዝ አገር ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አላት እንበል፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ባል ጁባ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። እንግሊዝ አገር የትዳር ጓደኛውን ለማስመጣት ስፖንሰር የሚሆን ሰው ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ ዓመታዊ ገቢ ከ2012 ጀምሮ 18,600 ፓውንድ ነበር፤ በሚያዝያ 2024 ግን 29,000 ፓውንድ ሆነ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ገቢው መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ከአንድ አሠሪ ጋር ስድስት ወር ሲከፈላት እንደነበር በደመወዝ ወረቀትና በባንክ ማስረጃ መታየት አለበት። ሥራ ከቀየረች ስሌቱ ወደ አንድ ዓመት ሊረዝም ይችላል። እንግዲህ እሷ ደመወዙ የሚበቃ ሥራ ዛሬ ብታገኝ ማመልከቻው የሚገባው ከስድስት ወር በኋላ ነው። መልሱ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። የባል የጁባ የሥራ ፈቃድ ግን በሦስተኛው ወር ያልቃል። ክፍተቱ ይኸው ነው።

ሌላውም አገር የራሱ ሰዓት አለው። አሜሪካ በስደተኝነት የገባ ሰው ከመግባቱ በፊት ያገባትን ሚስቱን ለማስከተል የሚያመለክትበት ሁለት ዓመት አለው። ካናዳ ለስደተኛ ቤተሰብ የምትሰጠው የአንድ ዓመት መስኮት አለ። ጀርመን ደግሞ ስደተኝነቱ የታወቀለት ሰው በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከተ በኋላ የገቢና የቤት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። በዚያ ላይ በሩ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በጥር 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ቆመ። በሐምሌ 2025 ጀርመን ሙሉ ስደተኛ ላልተባሉና ዝቅ ያለ ጥበቃ ለተሰጣቸው ሰዎች ቤተሰብ ማስመጣትን ለሁለት ዓመት አገደች። በመስከረም 2025 እንግሊዝ ስደተኞች ቤተሰባቸውን ለማስመጣት የሚያቀርቡትን አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቆመች።

እንዲህ ባለ ጊዜ ምክር አይጠፋም። ቡና ላይም፣ ውኃ መቅጃው ጋም ይሰጣል። አንዱ «ፎርሙ ላይ ያላገባ ብለህ ሙላ፣ ከገባህ በኋላ ታስተካክለዋለህ» ይላል። ሁለተኛው «ጎሮም ሂድና ስደተኛ ነኝ ብለህ ተመዝገብ፤ ጊዜውን በሱ ትሻገራለህ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እገሊት ኬዟ ጥሩ እየሄደ ነው፤ ባሏ ነኝ ብለህ ካርዷ ላይ ግባ፣ ሚስትህን እዛ ሆነህ ታመጣለህ» ይላል። መካሪዎቹ ሁሉ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ አዝነውልን ነው።

አብራም ድንበሩ ላይ

አብራም ረሃብ ሲጸና ወደ ግብፅ ወረደ። ድንበሩ ጋ ሲደርስ ፈራ። ሚስቱ ሦራ ቆንጆ ናት፤ እሷን ለመውሰድ ሲሉ እኔን ይገድሉኛል ብሎ አሰበ። ስለዚህ እህቱ እንደሆነች እንድትናገር ለመናት። ልብ በሉ፤ አብራም ወንጀለኛ አልነበረም። ተራበ፣ ተሰደደ፣ ፈራ። የእኛው ቢጤ ነው።

ደግሞ ነገሩ ጭልጥ ያለ ውሸት አልነበረም። በምዕራፍ 20 ያንኑ በጌራራ ሲደግመውና ንጉሡ አቢሜሌክ ሲጠይቀው፣ በአባት በእርግጥ እህቱ እንደሆነች፣ በእናት ግን እንደሚለያዩ ያስረዳል። ግማሽ እውነት ነው።

ይህችን ግማሽ እውነት እኛም እናውቃታለን። «የተጋባነው በቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማዘጋጃ ቤት አልተመዘገበም፤ ስለዚህ ያላገባ ብል ውሸት አይሆንብኝም» እንላለን። በሽማግሌ የተጋባውም እንዲሁ ይላል። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻ ብሎ ይቀበላል። ምዝገባው የሚጠቅመው ለማስረጃ ነው። ደግሞስ ይህን ለማወቅ ሕግ መጥቀስ ያስፈልጋል? ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ጎረቤት በልቶና መርቆ፣ ከዚያ በኋላ «ያላገባ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ስናደርግ ልባችን ያውቀዋል።

አሁን ታሪኩ ውስጥ የሆነውን እንይ። ሦራ ወደ ፈርዖን ቤት ተወሰደች። አብራም በእሷ ምክንያት በጎችን፣ በሬዎችን፣ አህዮችን፣ አገልጋዮችን፣ ግመሎችን አገኘ። እሱ ተረፈ፣ ሀብትም ጨመረ። እሷ በማታውቀው ቤት ውስጥ ገባች። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት አብራም ይናገራል፣ ፈርዖን ይናገራል፤ ሦራ አንድ ቃል አትናገርም። ፈቃዷን የጠየቀ አልተጻፈም። ውሸቱን የዘየደው አንዱ ነው፤ ዋጋውን የከፈለችው ሌላዋ ናት።

የዚህ ሳምንት ሐሳባችን ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። ክፍተቱን ለመሻገር ውሸት ሲታሰብ «እያዝ ይሆን?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

«ያላገባ» የሚለውን ምክር በዚህ ጥያቄ እንመዝነው። በካናዳ ሕግ አንድ ሰው ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ሲገባ ያላስታወቃት፣ ስለዚህም በምርመራው ያልታየች ሚስት፣ በኋላ በቤተሰብ መንገድ እንዳትመጣ ትታገዳለች። ከ2019 ወዲህ በስደተኝነትና በመሳሰሉት መንገዶች ለገቡ ሰዎች በልዩ አሠራር ተላልቷል፤ የዚያ ሁሉ ዓመት ፍሬ ነገር ግን ግልጽ ነው። «ከገባሁ በኋላ አስተካክለዋለሁ» ያለው ባል ቶሮንቶ ገባ። የታገደችው ግን ምንም ያልዋሸችው፣ ፎርሙንም ያላየችው፣ እዚህ የቀረችው ሚስት ናት። ሦራም እንዲሁ ነበረች።

አዋላጆቹስ?

እዚህ ጋ አንድ ሰው ትክክለኛ ተቃውሞ ያነሣል። «ዘጸአት ላይ ሲፓራና ፉሐ ፈርዖንን አታለውት የለም እንዴ? እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው ይላል እኮ። ለእነሱ ከተፈቀደ ለእኔ ለምን ይከለከላል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንዲሁ አንገፋውም። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ፈርዖን አዋላጆቹን ወንዶቹን ሕፃናት እንዲገድሉ አዘዛቸው። እነሱ ሕፃናቱን አዳኑ፤ ተጠርተው ሲጠየቁም የዕብራውያን ሴቶች አዋላጅ ሳትደርስ እንደሚወልዱ ተናገሩ። ነገሩ ቢታወቅ የሚሞተው ማን ነበር? እነሱ። የተረፈውስ? የሌላው ልጅ። አደጋውን በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው ደካማውን አሻገሩ። አብራም ግን አደጋውን በደካማዋ ጀርባ ላይ ጭኖ ራሱን አሻገረ። ሁለቱም አፍ እውነቱን አልተናገረም፤ ሸክሙ የወደቀበት ቦታ ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ ሞት ሲያሳድዳት ኬላ ላይ ስሟን ቀይራ ልጇን ያሻገረችውን እናት አንፈርድባትም። በመካከላችን እንዲህ ያለፉ አሉ። የቪዛ ፎርም ግን ሰይፍ የያዘ ወታደር አይደለም። መዘግየት ያማል፤ ሞት ግን አይደለም። ሁለቱን ካደባለቅን፣ በእውነት ሞትን የሸሸው ሰው ሲናገር የሚያምነው ያጣል።

ጎረቤት የከፈለው ዕዳ

ይህ የሆነ ነገር ነው፤ በእኛው አካባቢ፣ የእኛንም ሰዎች ነክቶ። አሜሪካ የገባ ስደተኛ የትዳር ጓደኛውን፣ ልጆቹንና ወላጆቹን የሚያስመጣበት «ፒ ስሪ» የሚባል መንገድ ነበር። በ2008 የዲኤንኤ ምርመራ ተጀመረ። መጀመሪያ የተመረመሩት ናይሮቢ የነበሩ፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያም አዲስ አበባን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ሰፋ። ውጤቱ የብዙ ቤተሰብ ዝምድና ሙሉ በሙሉ ሊረጋገጥ አልቻለም የሚል ሆነ። ያልመጡም፣ አንመረመርም ያሉም አብረው ተቆጠሩ። ከዚያ መንገዱ ለሁሉም ተዘጋ። የተከፈተው በ2012 ነው፤ ያውም ምርመራውን ግዴታ አድርጎ።

ፍርዱን ሚዛናዊ እናድርገው። የሞተ ወንድሙን ልጅ እንደ ልጁ ያሳደገ ሰው «ልጄ ነው» ሲል በእኛ ባህል አልዋሸም። ላቦራቶሪ ይህን አያውቅም። ነገር ግን ስም የሸጠና የገዛ፣ የማያውቀውን ሰው «ሚስቴ ናት» ያለም ነበረ። አንዳንዱ በዋሸው አገር ገብቶ እየኖረ ይሆናል። ዕዳውን የከፈለችው ደግሞ እውነተኛ ባሏን አራት ዓመት ጨምራ የጠበቀች እውነተኛ ሚስት ናት። ሁለቱ አይተዋወቁም። ቢሆንም እሱ የበላውን እሷ ከፈለች።

እንግዲህ ሦስተኛውን ምክር፣ ካርድ ላይ የመግባቱን ነገር፣ በዚህ መዝኑት። ያቺ እህት «ባሌ ነው» ብላ ካስገባችህ የራሷን ኬዝ ነው የምታስይዘው። ኢንተርቪው ላይ ሁለታችሁ ለየብቻ ስትጠየቁ መልሳችሁ ቢለያይ የሚወድቀው የልጆቿም ዕድል ነው። እህቴ ሆይ፣ አንቺም «እምቢ» ለማለት አትፈሪ። ርኅራኄ ማለት የልጆችን ነገር ለሰው አሳልፎ መስጠት አይደለም።

ሁለተኛውንም እንመዝን። በእውነት ወደ አገሩ ቢመለስ የሚያሰጋው ሰው መመዝገብ መብቱ ነው፤ ነገ ዛሬ ሳይል ይሂድ። ሥጋት የሌለው ግን ክፍተት ለመሙላት ብሎ ከተመዘገበ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ ለተፈናቀለው የተመደበችውን ትንሽ ነገር ይካፈላል። ሁለተኛ፣ ለትዳር ቪዛው ፓስፖርት ሲያስፈልገው ወደ አገሩ ኤምባሲ ይሄዳል፤ «መንግሥቴን እፈራለሁ» ብሎ ፈርሞ «ፓስፖርት አድስልኝ» ሲል ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ይመሰክሩበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኼኔ ነው።

ሕጉ ራሱ ፍትሐዊ ካልሆነስ?

ይህም መመለስ አለበት። 29,000 ፓውንድ የማያገኝ ሰው ሚስቱን አይወድም ማለት ነው? ድሃ ትዳር የለውም? እንዲህ ያለ ሕግ ፍቅርን በደመወዝ ይለካል ብሎ ማዘን ተገቢ ነው፤ እኛም እናዝናለን። ነገር ግን ለተጣመመ ሕግ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። አንደኛው በአደባባይ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ያሉ ባለትዳሮች እንዲህ አድርገው ክሳቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰዋል። በየካቲት 2017 ፍርድ ቤቱ የገቢ መጠኑን መኖር በመርህ ደረጃ ቢያጸናውም፣ ደንቡ የልጆችን ጥቅም በአግባቡ እንዳላየ ወሰነ። ያገኙት ሙሉ ድል አይደለም፤ ያገኙት ነገር ግን ለሁሉም ልጆች ሆነ።

ሁለተኛው መልስ በጓሮ መዋሸት ነው። የጓሮ ውሸት ሕጉን አያቃናውም፤ ሕጉን አልፎ ጎረቤትን ይመታል፣ ሕጉም ለሚቀጥለው ሰው ይብስበታል። በፊት ያልነበረው የዲኤንኤ ምርመራ ግዴታ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ በምን እንሻገር?

ጁባ ውስጥ ነጭ ዓባይን የሚሻገረውን የነጻነት ድልድይ የማያውቅ የለም። በጃፓን እርዳታ ሥራው በ2013 ተጀመረ፤ በጦርነት ምክንያት እየቆመ፣ እየቀጠለ፣ በግንቦት 2022 ተመረቀ። ያ ሁሉ ዓመት ሰው አሮጌውን ድልድይ እየጠበቀና እየጠገነ ተሻገረ። የእኛም ነገር ይህን ይመስላል። አዲሱ እስኪያልቅ አሮጌውን መጠበቅ ያስፈልጋል።

አሮጌውን መጠበቅ ማለት በእጃችን ያለው ወረቀት ሳያልቅ ማደስ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ወር ሁለት ወር ሲቀረው ወደ ሚመለከተው ቢሮ መሄድ፤ ስደተኛ ከሆንን ወደ ስደተኞች ኮሚሽኑና ወደ ዩኤን፣ በቪዛ የገባን ከሆንን ወደ ኢሚግሬሽን። ደረሰኝ መቀበል፣ ኮፒ ማስቀመጥ። ውጭ ያለው ወገን ደግሞ ያለውን መንገድ ሁሉ ይጠይቅ። ለምሳሌ በአሜሪካ የስፖንሰሩ ገቢ ካልበቃ ሌላ ሰው አብሮ ስፖንሰር እንዲሆን ሕጉ ይፈቅዳል። እንግሊዝ ግን በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው እዚያው ሆኖ ወደ ትዳር ቪዛ እንዲቀይር አይፈቅድም፤ ደላላ ይህን ቢነግራችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ትዳር ከሆነ ትዳር ብሎ ማስመዝገብ፣ ልጅ ሲወለድ ወዲያው ማስታወቅ። ፎርም ላይ ከእውነት ውጪ የተሞላ ነገር ካለ ጉዞ ሳይመጣ መናገር። ያስፈራል፤ ኬዙም ሊዘገይ ይችላል። ነገር ግን ከመሳፈር በፊት የተነገረ እውነትና ከገቡ በኋላ የተደረሰበት ውሸት እኩል አይታዩም። ካናዳ ውስጥ በፍሬ ነገር ላይ መዋሸት የአምስት ዓመት እገዳ ያመጣል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች፤ እኛ ሳንናገረው ቢጠራ ግን የሚያሳፍረን ያኔ ነው። አብራምን ያሳፈረው ፈርዖን ነበር። ለምን አልነገርከኝም ብሎ የጠየቀው ያ የፈራው ንጉሥ ነው።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ የባሰው ክፍተት በባልና በሚስት መካከል የሚገባው ነው። ውጭ ያለው ከሥራ ተባሮ «ወረቀቱ ገብቷል፣ እየጠበቅን ነው» ይላል። እዚህ ያለችው ታማ «ደህና ነኝ» ትላለች። እሱ እንዳያሳዝናት፣ እሷ እንዳታስጨንቀው። በፍቅር የተጀመረው መደባበቅ ሲውል ሲያድር ሁለቱን ባዳ ያደርጋቸዋል፤ ቪዛው ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚገናኙት የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ። ስለዚህ የስድስቱን ወር ቁጥር አብራችሁ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ደመወዝ የገባበትን ቀን እሱም ይወቅ፣ እሷም ትወቅ። ሥራው ከጠፋ በዚያው ሳምንት ይነገር። ፎርም ከመፈረሙ በፊት ውሳኔው የሁለቱ ይሁን። ሦራን ማንም አልጠየቃትም፤ እናንተ ግን ተጠያየቁ።

መጠበቅ ባዶ ጊዜ አይደለም። ያዕቆብ ለራሔል ሰባት ዓመት ያገለገለው ላባን ደግ ስለሆነ አልነበረም፤ ላባን አታላይ ነበር። ያዕቆብ ግን በእነዚያ ዓመታት ሠራተኛ፣ እረኛ፣ የቤት አባት ሆነ። ክፍተቱ ውስጥ የምንሆነው ሰው ነው በኋላ ቪዛውን ይዞ የሚሄደው። ድንበሩን ተሻግረን ስንደርስ የምንወደው ሰው የሚያቅፈው ወረቀታችንን አይደለም፤ እኛን ነው።

ለመነጋገር

1. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት አሁን እየተመከረ ያለ «ትንሽ ውሸት» ካለ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ያ ሰው ተጠይቋል?
2. በአዋላጆቹና በአብራም መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት ታዩታላችሁ? ከሁለቱ የማይገጥም የሕይወት ገጠመኝ ታውቃላችሁ?
3. ውጭ ላለው የትዳር ጓደኛችሁ እስካሁን ያልነገራችሁት፣ በዚህ ሳምንት ልትነግሩት የሚገባ አንድ ነገር ምንድን ነው?

እግዚአብሔር የተለያዩትን ያገናኝ፤ ለሚጠብቁት ብርታት፣ ለሚያስጠብቁት እውነት ይስጥ። አሜን።